ከደጅ የሚያድረው የቤተሰብ አባል

እንደሚታወቀው በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ሰሌዳ ላይ ስለ ሙያ ፍቅር፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ መኝታ ክፍል ንጽሕና፣ ስለ ፈተና ዝግጅት ብዙ ተጽፏል። ስለ ውሻ ግን የጻፈ እስካሁን አላየንም። «ደግሞ ስለ ውሻ ምን ይጻፋል?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ ወረቀቱን ገና ሳንለጥፈው እንዲህ ያሉን ጓደኞች አሉና። ቢሆንም አንብባችሁ ፍረዱ ብለን አቅርበነዋል።

ነገሩን ከቋንቋችን እንጀምር። አማርኛችን ውሻን በድሏል ብንል ማጋነን አይሆንም። ሰው ሰውን ሲያሞግስ «አንበሳ» ይላል፣ «ነብር» ይላል፤ ሊሰድብ ሲያምረው ግን «ውሻ!» ነው የሚለው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል ምስጋና አይደለም፤ ለሆዱ ያደረ ሰው የሚነካበት ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ሲባልም ገቢው ጅብ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ የውሻው ይሆናል። ይባስ ብሎ «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» ተብላ ከሥራ ዓለም ትባረራለች። ይቺኛዋ ተረት በበኩላችን አትዋጥልንም። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ውሻ ከእርሻ ጋር ምን እንደሚያገባት ያውቃል። ማሽላው ሲያሸት ዝንጀሮ የሚያባርረው ማን ነው? እህል አውድማ ላይ ተከምሮ ሲያድር ከጠባቂው ጋር ብርዱን የሚካፈለው ማን ነው? እረኛውን እንቅልፍ ሲጥለው ከበጎቹ ዳር ቁጢጥ ብሎ አካባቢውን የሚቃኘውስ? ተረቱን የተረተው ሰው ከተሜ መሆን አለበት ብለን ጠርጥረናል።

ታዲያ ይኸው የሚሳደበው አፍ ማታ እቤቱ ሲደርስ ጠባዩ ይለወጣል። በመኝታ ክፍላችን ስምንት ነን፤ ከጎጃምም፣ ከወሎም፣ ከጎንደርም፣ ከሸዋም የመጣን። አንድ ማታ ውሻ ያልነበረበት ቤት ያደገ ማን እንደሆነ ስንጠያየቅ አንድም አልተገኘ። ከዚያ ስም ቆጠራ ውስጥ ተገባ። ቡቺ አለ፣ ጃክ አለ፣ ቦቢ አለ፣ አንበሳ አለ። ገበሬው አባት ለጎረቤት መልእክት ማስተላለፊያ ያደረገው ስምም አለ፤ ውሻውን በጠራ ቁጥር ጎረቤቱ ይሰማዋል ማለት ነው። ስሙን ስንጠራ ሁላችንም ፊታችን ላይ የሆነ ነገር ይታይ ነበር። የአያቱን ስም ሲጠራ ያልሳቀ ልጅ የውሻውን ስም ሲጠራ ሳቀ።

ከመካከላችን የወሎው ጓደኛችን የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ነው። በነሱ ቤት ውሻ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የሚበላበትም ዕቃ ለብቻው ነው። «ግን ከብቶቹ ያለሱ አይወጡም» አለን። አያቱ ያወሩለት የነበረውንም ነገረን፤ ሃይማኖታቸውን ይዘው ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ስለተኙት ወጣቶች የሚናገር ታሪክ በቁርኣን «አል ከህፍ» በተባለው ምዕራፍ አለ፤ ከነሱ ጋር ውሻቸው ከዋሻው ደጃፍ ተኝቶ ነበር። ይሄኔ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገው ደግሞ ተነሣ። በመጽሐፈ ጦቢት ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሩቅ መንገድ ሲጓዝ ውሻ ተከትሏቸው እንደሄደ አስታወሰን። ውሻው በታሪኩ ውስጥ ምንም አያደርግም። አይናከስም፣ ሌባም አይዝም። አብሮ መሄዱ ብቻ ነው የተጻፈው። እኛን የገረመን ይኸው ነው፤ ጸሐፊው ያለ ጥቅም የጠቀሰው ቤተሰቡ ሲንቀሳቀስ ውሻው ካልታየ ሥዕሉ ጎደሎ ስለሚሆንበት ይመስለናል።

የአገራችን ገበሬ ውሻውን አቅፎ አይስምም፤ አልጋም አያነጥፍለትም። እንዲህ ያለውን በፊልም ያየን ጊዜ «እነሱ ይወዳሉ፣ እኛ አንወድም» የሚል ሐሳብ ያድርብናል። ነገር ግን መውደድ መልኩ ልዩ ልዩ ነው። እናቶቻችን ምጣዱን ሲያነሡ የመጨረሻዋን ቂጣ ለማን እንደሚወረውሩ እናውቃለን። «ሂድ ከዚህ! ምን ይላል ይሄ!» እያሉ ነው የሚወረውሩት፤ ቂጣዋ ግን ትወረወራለች። በዐቢይ ጾም 55 ቀን አጥንት የሚባል ስለማይታይ ውሻውም አብሮ ይከሳል፤ በፋሲካ ሌሊት ግን ከቤቱ ሰው ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነው። ሰውዬው ከሩቅ አገር ሲመለስ ገና ከዳገቱ ማዶ ሳለ ውሻው ጆሮውን ሲያቆም፣ «አባታችሁ መጣ፣ ውሃ አሙቁ» የምትል እናት አለች። ሞባይል ስልክ ሳይመጣ በፊት ይሄ ነበር መልእክቱ።

አንደኛው ጓደኛችን ወደዚህ ማሠልጠኛ ሲመጣ ውሻው እስከ አስፋልቱ ሁለት ሰዓት መንገድ ተከትሎት መጣ። ቢቆጡት አይመለስ፣ ቢያባብሉት አይመለስ። በመጨረሻ እናቱ መቀነታቸውን ፈትተው አንገቱን አሰሩና እየጎተቱ መለሱት። እናት ልጃቸውን ሲሰናበቱ አላለቀሱም ነበር፤ ውሻውን እየጎተቱ ሲሄዱ ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ እንደነበር ከአውቶቡሱ መስኮት አይቷል። አሁን ስልክ ሲደወል የሰው ደኅንነት ተጠይቆ፣ ላሟ መውለዷ ተነግሮ፣ ዝም ይባልና «ውሻውስ?» ይላል። «አለ፤ በር በሩን እያየ ነው» ይሉታል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ያላሳመነው አንድ ጓደኛ ግን አለን። ሥነ ሕይወት ይወዳል። «ውሻ የሚወደው ሆዱን ነው። የሚያበላውን ይከተላል፤ በቃ» ባይ ነው። ክርክሩ መብራት ከጠፋ በኋላም ቀጥሎ ነበር፤ ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ገብተንም፣ በስልክም ፈልገን ያገኘነውን እናቅርብ።

ጃፓን ውስጥ ሃቺኮ የሚባል ውሻ ነበር። ጌታው ኡዬኖ ሂዴሳቡሮ የተባሉ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የግብርና መምህር ነበሩ። ውሻው ከሥራ ሲመለሱ ሺቡያ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ ይቀበላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1925 ፕሮፌሰሩ ሥራ ቦታቸው ላይ ሳሉ በድንገት ሞቱ። ሃቺኮ ግን እስከ ሞተበት እስከ መጋቢት 1935 ድረስ ወደ ጣቢያው መመላለሱን አልተወም፤ ወደ አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። በ1932 ጋዜጣ ስለሱ እስኪጽፍ ድረስ ከጣቢያው የሚያባርሩትና የሚመቱት ነበሩ። ጋዜጣው ከጻፈ በኋላ ግን አገር ሁሉ ወደደው፤ በ1934 በሕይወት እያለ ሐውልት ቆመለት። ይህን ስንነግረው ሥነ ሕይወት ወዳዱ ጓደኛችን ምን ቢል ጥሩ ነው? «በጣቢያው ዙሪያ ጥብስ ይሸጥ አልነበረም እንዴ?» አለ። እውነቱን ለመናገር ይሸጥ ነበር። ሲሞት በሆዱ ውስጥ ሥጋ ተሰክቶ የሚጠበስባቸው ቀጫጭን እንጨቶች ተገኝተዋል። ይሁንና ጥብስ ፈላጊ ውሻ የባቡር ሰዓት ምን ያደርግለታል? ሃቺኮ የሚመጣው ጌታው ይወርዱበት በነበረው ሰዓት ነበር።

ሌላው ያገኘነው ደግሞ ከዚህ በጣም የራቀ ዘመን ነው። ጀርመን አገር ቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1914 ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች አንድ የጥንት መቃብር አገኙ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከነሱም ጋር አንድ ውሻ። ዕድሜው 14 ሺህ ዓመት ያህል ነው። እርሻ ገና አልተጀመረም፤ በሬ የለም፣ በግ የለም፣ ጎተራ የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የውሻውን ጥርስ መርምሮ ሰባት ወር ያህል የሆነው ቡችላ እንደነበረና ለሳምንታት በከባድ በሽታ ሲሠቃይ እንደቆየ አሳየ። እንዲህ የታመመ ቡችላ ያለ አስታማሚ ያን ያህል ሊቆይ አይችልም። ማለትም ሰዎቹ ውሃ ይሰጡት፣ ያሞቁት፣ ቆሻሻውን ይጠርጉለት ነበር። ለአደን የማይረባ፣ ለጥበቃ የማይረባ፣ የሚንዘፈዘፍ ቡችላ ነው እንግዲህ! ከዚያም አብሯቸው ተቀበረ። እዚህ ላይ ጓደኛችን ዝም አለ። የተኛም መስሎን ነበር፤ ቆይቶ ግን «የሰዎቹን መውደድ አልካድኩም፤ የውሻውን ነው እንጂ» አለ።

እሺ፤ የውሻውንም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ውሾችንና ባለቤቶቻቸውን አንድ ክፍል አስገብተው ሽንታቸውን መረመሩ። ዓይን ለዓይን ረዘም ላለ ጊዜ የተያዩት፣ ሰውየውም ውሻውም፣ ኦክሲቶሲን የሚባለው ንጥረ ነገር በሁለቱም ጨመረ። ይህ ንጥረ ነገር እናት ሕፃኗን ስታጠባና ስታይ የሚጨምረው ነው። ሰው ያሳደገው ተኩላ ሲሞከር ግን ይህ አልታየም። ውሻ ከተኩላ ወገን የወጣ መሆኑን ስናስታውስ ልዩነቱን ያመጣው ከሰው ጋር የኖረበት ዘመን ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ላይካም አንድ ቃል ሳንል አናልፍም። ከሞስኮ መንገድ ላይ የተያዘች ባለቤት የሌላት ውሻ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1957 በስፑትኒክ 2 ወደ ጠፈር ተላከች። መመለሻ አልተሠራላትም። ብዙ ቀን ኖራለች ሲባል ቆይቶ በሙቀት ምክንያት በሰዓታት ውስጥ መሞቷ የታወቀው በ2002 ነው። ከመብረሯ በፊት ከሳይንቲስቶቹ አንዱ እቤቱ ወስዶ ከልጆቹ ጋር አጫውቷታል። ለምን እንዳደረገው ሲናገር አንድ በጎ ነገር ሊያደርግላት እንደፈለገ ገልጿል። በዓለም የታወቀችው ውሻ ቤተሰብ የነበራት ለዚያች ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው።

የከተማውን ውሻ በአጭሩ እንለፈው፤ ምክንያቱም ስናየው እንናደዳለን። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፋል፤ ውስጥ ሲገባ ግን ሁለት ክንድ በማትሞላ ሰንሰለት ቀን ሙሉ ታስሮ ዙሪያውን አፈሩን ያጎደጎደ ምስኪን ነው። ኃይለኛ የሆነው ሰንሰለቱ ነው። ከዚያ ይልቅ የማሠልጠኛችን ዘበኛ ውሻ ይሻላል፤ እንደልቡ ይዞራል፣ ከዘጠኝ መቶ ሠልጣኝ መካከል ሰዓት አሳልፎ በአጥር የሚገባውን ለይቶ ያውቃል። የቀረው ስም መጻፍ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ።

ባለፈው መንፈቅ ዓመት አራት ሆነን ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። በሦስተኛ ክፍል ከሚማሩት ልጆች መካከል አንድ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከውሻው ጋር ነው የሚመጣው። ውሻው ጠይም፣ ደረቱ ነጭ ነው። አባትየው «ጠብቀው» የሚል ስም አውጥተውለታል። እስከ በሩ ያደርሰውና ከባሕር ዛፉ ሥር ተኝቶ እስከ ዕረፍት ይጠብቃል፤ ደወል ሲደወል ከልጆቹ ቀድሞ ይነሣል። ልጁ ከምሳ ዕቃው ቆርሶ ይሰጠዋል። ይህን አንድ ወር ያህል አይተናል።

አንድ ሰኞ ልጁ ብቻውን መጣ። ማክሰኞም ብቻውን። ረቡዕ ዕለት የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነበር፤ የትምህርት ዕቅዳችን ላይ «የቤት እንስሳትና ጥቅማቸው» ተብሎ ተጽፏል። «ውሻ ምን ይጠቅማል?» ብለን ስንጠይቅ ሁሉም «ቤት ይጠብቃል! ቤት ይጠብቃል!» ብለው እጃቸውን አወጡ። ያ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ከጎኑ የምትቀመጥ ልጅ «ቲቸር፤ የሱ ውሻ ታሟል» አለች። ልጁ በክርኑ ገጨት አደረጋት።

ከክፍል በኋላ ስናየው ያነክሳል። ምን ሆንክ ሲባል «እሾህ ወጋኝ» አለ። ሱሪውን ስንሰበስበው ባቱ ላይ በጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ጨርቁ ሲፈታ የጥርስ ምልክት ነው። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ስንጠይቀው እንባው መጣ። «ትናንት ማታ። እሱ አይደለም ግን። ሆን ብሎ አይደለም። ከነገርኳችሁ ይገድሉታል» አለ።

አንባቢያን ሆይ፤ ይቺ ቃል ከሥነ ልቡና ደብተራችን ውስጥ አልነበረችም። ልጁ ማንንም አልዋሸም ማለት ይቻላል፤ ከቤተሰቡ አንዱን ከሞት እየደበቀ ነበር። ነገር ግን የደበቀው በገዛ ባቱ ውስጥ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ቢሆንም ጥቂት እንበል። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ በታመመ እንስሳ ምራቅ ውስጥ አለ። በንክሻ ከገባ በኋላ በነርቭ ተጉዞ ወደ አንጎል ይወጣል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ ከዚህ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። አንጎል ደርሶ ምልክቱ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከመድረሱ በፊት ግን ቁስሉ ታጥቦ ክትባት ከተሰጠ ሰው ይድናል። ይህን መንገድ የከፈተው ሉዊ ፓስተር ነው፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 እብድ ውሻ የነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትቦ አዳነው። ልጁ አድጎ በፓስተር ተቋም ዘበኛ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በሚሰጠው ግምት ዛሬም በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ ለሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው፤ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ውሻን አብዝቶ የሚጠጋው ልጅ ነው፤ የሚነከሰውም እሱ ነው፤ የሚደብቀውም እሱ።

የትምህርት ቤቱ ነባር መምህር ነገሩን እንደሰሙ አልተደናገጡም። «ውሃና ሳሙና አምጡ፤ ሩብ ሰዓት» አሉ። ከመምህራን መኖሪያ ሁለት ጀሪካን ውሃ መጣ። አንዳችን ስልክ ይዘን ደቂቃ ስንቆጥር፣ ሁለታችን እያፈሰስን፣ መምህሩ ራሳቸው አጠቡት። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲያወሩት አጭር ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈስበት ሕፃን እግር ላይ ሲሆን ግን አያልቅም። ልጁ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጠብቀውንም ብናጥበውስ?»

ከዚያ ወደ ቤታቸው ወጣን። ውሻው ከጎተራው ሥር በጠፍር ታስሯል። ድምፁ ተዘግቶ ይሻክራል፤ መዋጥ አቅቶት ለሃጩ ይዝረከረካል። የታሰረበትን እንጨት ያኝካል። ልጁን ሲያይ ጅራቱን አልቆላም። እኛን የጨነቀን ለሃጩ ሳይሆን ይኸው ነው፤ በዚህ ዓለም ላይ አስቀድሞ የሚያውቀውን ሰው አላወቀውም።

አባትየው በሩ ላይ ቆመው «ነገ ይሻለዋል፣ ነገ ይሻለዋል ስል ነው» አሉ። «ይሄ እኮ ልጆቼን የጠበቀ ነው። አምና ጅቡ በረት ሲሰብር ውርንጭላዋን ማን አተረፋት? ጆሮውን እዩት፤ ያኔ ነው የተበጣው።» መምህሩ «ጋሼ፤ ልጁን ነክሶታል» ሲሏቸው ዝም አሉ። እናትየው ደረታቸውን መቱ። ከጎረቤት አንድ ሰው የባህል መድኃኒት የሚያውቅ አለ አለ፤ አንዲት አሮጊት ጠበል ይሻላል አሉ። መምህሩ ማንንም አላሳፈሩም። «እማማ፤ ጠበሉን ማን ይከለክላል? መርፌው ግን ይቅደም፤ ቀኑ እየሄደ ነው» አሉ። ይህን አነጋገር እኛ አራታችን ጽፈን ይዘነዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውላ ክትባቱ የሚገኝበትን ሆስፒታል አረጋገጠች፤ አባትየው የመሳፈሪያውን ከዕድር ሰው ተበድረው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ልጁን ይዘው ወጡ። ከእጇ እያበላችው ምራቁ የነካት ታናሽ እህቱም አብራ ሄደች፤ እሷንም ከተቧት።

ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ። ሰፈሩ ወሬውን ሰምቶ ዱላና ድንጋይ ይዞ መጥቶ ነበር። አባትየው ከጎተራው ፊት ቆሙ። «በድንጋይ አይሆንም» አሉ። «ሚሊሻው ይምጣ፤ በአንድ ጥይት። እኔም ልጄም ከሄድን በኋላ።» እንደተባለውም ሆነ። እንደ ውሻ መሞት የሚባለውን አነጋገር ስንሰማ ከዚያ ቀን ወዲህ እኚህ ሰው ትዝ ይሉናል። ከሞተ በኋላ ጉድጓዱ ጥልቅ ተደርጎ ተቀበረ፤ አፈሩ ላይ ድንጋይ ተከመረ።

ልጁ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ተመለሰ፤ ለቀሪዎቹ መርፌዎች ሲመላለስ ነበር። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ስለ ቤተሰቤ» የሚል አጭር ጽሑፍ አዝዘን ነበር። የሱ ደብተር ላይ እንዲህ የሚል ተገኘ፤ «በቤታችን ሰባት ነን። አሁን ስድስት ነን።» አባት፣ እናት፣ አራት ልጆች፤ እንቁጠር ብንል ስድስት ናቸው። ቀዩን እስክሪብቶ ይዘን ምንም አላረምንም።

እዚህ ላይ «ውሾቹን ሁሉ ማጥፋት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። በሰፈሩም ተብሏል፤ በዚህ ግቢም ሰምተናል። ነገር ግን ያልታመሙትን መግደል በሽታውን እንደማያጠፋ በብዙ አገር ታይቷል። የተገደለው ቦታ በሌላ ያልተከተበ ቡችላ ይሞላል። ሥራ የሚሠራው ክትባት ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ያጣል። ለውሻ ብቻም አይደለም። በዓለም ላይ ከኛ አገር በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፣ በባሌ፣ በስሜን፣ በመንዝ ጓሳና በሌሎች ጥቂት ደጋዎች የቀረው፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከ500 በታች ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003ና በ2008 ይኸው በሽታ ከእረኞች ውሾች ተላልፎ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ስለዚህ በተራራው ዙሪያ ያሉ የገበሬ ውሾች ይከተባሉ። የእረኛው ውሻ ሲድን ያ ሁሉ አገር የሚኮራበት አውሬ አብሮ ይድናል ማለት ነው።

ልምምዳችን ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መምህሩ ባመለከቱት መሠረት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ቅዳሜ ነበር። ባለሙያው ውሻ መያዣ ረጅም ዘንግ ይዞ ነበር፤ አላስፈለገውም። አባቶች ውሾቻቸውን ሊይዙ ቢሞክሩ የሚናከሱ፣ የሚያመልጡ ናቸው። ልጆቹ ግን በገመድ፣ በመቀነት፣ በከረጢት ማንገቻ ሳይቀር እየጎተቱ መጡ። አንዷ ትንሽ ልጅ ከሷ የሚበልጥ ውሻ ታቅፋ ስትመጣ እግሮቹ መሬት ይጠርጉ ነበር። ግቢው በጩኸት ሞላ። እኛ ጠረጴዛ አውጥተን መዝጋቢዎች ሆንን። የባለቤት ስም፣ የውሻ ስም፣ ፆታ፣ ቀለም። የባለቤት ስም ስንጠይቅ አባታቸውን ሳይሆን ራሳቸውን ነበር የሚያስመዘግቡት።

ወደ ቀትር ላይ ያ ልጅ መጣ። አንዲት ነጭ አሮጊት ውሻ ይዟል፤ የጠብቀው እናት ናት፣ ከአያቱ ቤት ሁለት ሰዓት መንገድ ሄዶ ነው ያመጣት። ስሟ ነጪት ነው አለ። አፏን በጨርቅ ሲያስር እጁ አልተንቀጠቀጠም። መርፌው ሲገባ ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ይዞ በጆሮዋ የሆነ ነገር ይነግራት ነበር፤ ምን እንዳላት አልሰማንም። የክትባት ወረቀቷን ሲቀበል ግራና ቀኝ አገላብጦ አየው።

«ቲቸር፤ በዚህ ዓመት ነው የሚያበቃው?»

«አዎ፤ ለከርሞ እንደገና ነው» አልነው።

ወረቀቱን አጥፎ በአማርኛ ደብተሩ ውስጥ ከተተና ገመዱን ላላ አድርጎ ወደ አያቱ ቤት በሚወስደው መንገድ ይዟት ሄደ።